ወይራ የገባበት ቢራ

ከሰበታ ከተመለስኩ ጀምሮ የሰፈሬ ሰው ዕረፍት ነስቶኛል። አንዷ «እስቲ አገሩን ንገሪን» ትላለች፤ ሌላው «ወንድምሽ እውነት ቤቱን ግሮሰሪ አድርጎታል?» ይላል። ደሴ ላይ ወሬ ከባለቤቱ ቀድሞ ነው የሚገባው። አንዴ ልጻፈውና እንገላገል። ከእናንተ መሃል ሰበታን፣ ቡራዩንና ሱሉልታን አያለሁ ብሎ ጓዙን የሚያነሳ እንደሌለ አውቃለሁ፤ እኔም ብሆን እናቴ ባትልከኝ ኖሮ ከቤቴና ከማስተምርበት ክፍል አልወጣም ነበር።

የተላክሁበትን ነገር በግልጽ ልናገር፤ ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀውን ብደብቀው ምን ይፈይዳል። እናታችን እማማ የሺ በጠላዋ የታወቀች ሴት ነበረች። አባታችን ደግሞ በመጠጣቱ የታወቀ ነበር። መጀመሪያ የቤቱን ጠላ፣ ቀጥሎ የሰው ቤት አረቄ፣ በኋላ ያገኘውን ሁሉ ሲጠጣ ጉበቱ አልቆ ሞተ። አርባው በወጣ ማግስት እናቴ ጋኖቿን አንድ ባንድ ወደ ጓሮ አውጥታ በመጥረቢያ ጀርባ ሰባበረቻቸው። ከዚያ ወዲህ መጠጥ የቤታችንን ደፍ ተሻግሮ አያውቅም። ታናሽ ወንድሜ ደረጀ ያኔ ገና ትምህርት ቤት ያልገባ ሕፃን ነበር።

ደረጀ አድጎ ምህንድስና ተማረ፤ ሰበታ አንድ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ገባ፤ እዚያው ማርታ የምትባል የወላይታ ልጅ አገባ። ማርታ ጴንጤ ናት፤ መጠጥ በአፏ አይዞርም። እኛም ተመስገን አልን። ከዚያ ምን ብንሰማ ጥሩ ነው? ሥራውን ለቆ ቤቱ ውስጥ ቢራ ይጠምቃል! ያውም ማርታ ስምንተኛ ወሯን ይዛ፣ እናቷ ሶዶ ላይ አልጋ ይዘው፣ ገንፎ አገንፍቶ የሚያርሳት ሰው ከኛ ቤት በሚጠበቅበት ሰዓት። እናቴ ወሬውን ስትሰማ «የአባቱ ልጅ» አለች። ሲመሽ ደግሞ «መጠጥ ያለበት ቤት አራስ አልጠብቅም። እግሬን አላነሳም» አለች። እሷ አንዴ አልሄድም ካለች ጳጳስ ቢለምናት አትሄድም። በሳምንቱ ግን ጠርታኝ «ሂጂና በዓይንሽ እዪው» አለችኝ።

ዓርብ

ጎህ ሳይቀድ ተነሳን። እናቴ ለማርታ ብላ አንድ ቆርቆሮ ሙሉ ቅቤ አሸክማኛለች፤ ለልጇ ግን አንድ ፍሬ ነገር አልላከችም። ቆርቆሮውን እግሬ ሥር ላስቀምጥ ስል ረዳቱ ቦታ የለም ብሎ ከላይ ካለው መደርደሪያ ሰቀለው። ሸዋሮቢት ስንደርስ ሙቀቱ ቅቤውን አቀለጠዋ! አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ እንቅልፍ ወስዶት ነበር፤ ሲነቃ አዲስ ሱሪው ላይ ቅቤ ይንጠባጠባል። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሰውዬው ሱሪውን አየ፣ ላይ አንጋጠጠ፣ «እመቤቴ፣ ሙሽራ አስመሰሉኝ እኮ» ብሎ ሳቀ። ደግ ሰው! ሸዋሮቢት ያቀለጠውን ጣርማ በር አረጋውና ሰውዬው ደብረ ብርሃን ለምሳ ሲወርድ ሱሪው ቀጥ ብሎ ደርቆ ነበር። ምሳውን ልጋብዝህ ብል እሱ ቀድሞ የኔንም ከፈለ። ብርዱንማ አታንሱብኝ። ደሴ ይበርዳል የምትሉ ሰዎች ደብረ ብርሃን አንድ ምሳ ብሉና ተመለሱ።

አዲስ አበባ ላምበረት ወርጄ፣ ሁለት ታክሲ ቀያይሬ አየር ጤና ደረስኩ። «ዓለም ገና ሰበታ ተፍኪ! ዓለም ገና ሰበታ ተፍኪ!» ይላል ወያላው፤ ቆርቆሮዬን ታቅፌ ገባሁ። ቁጭ ከማለቴ እንቅልፍ ጣለኝ። ስነቃ መኪናው ባዶ ነው፤ ዙሪያው ጥቁር አፈር ሜዳ ብቻ፤ ኮረብታ የሚባል ነገር የለም። ጦሳ ተራራን እያየ ላደገ ሰው እንዲህ ያለ ሜዳ ያስደነግጣል። «ሰበታ ነው?» ስል ሾፌሩ «እናቴ፣ ሰበታን ካለፍን ቆየን፤ ተፍኪ ነው» አለኝ። በቆሎ ቅቅል የምትሸጥ ሴት ፊቴን አይታ «ኮቱ፣ ታኢ» አለችና በርጩማዋን ለቀቀችልኝ። ኦሮምኛ አላውቅም፤ ቃሉ ባይገባኝ እጇ ገባኝ። በቆሎ አበላችኝ፣ ወደ ሰበታ የሚመለስ ሚኒባስ በራሷ እጅ አስቁማ አሳፈረችኝ፣ ሾፌሩንም በአማርኛ «እቺ እንቅልፋም ናት፤ ቀስቅሳት» አለችው።

ደረጀ ፌርማታው ላይ ቆሞ ሲጠብቀኝ ነበር። እንደ እህት አቀፍኩት፤ ሳምኩት። ስስመው ግን አፉን አሸተትኩት። አዎ፣ አሸተትኩት! የተላክሁት ለዚሁ አይደል? የሸተተኝ ጥርስ ሳሙና ብቻ ነው። ልጁ ሞኝ አይደለም፤ ሳቀና «እትዬ፣ እማ ናት ‹አሽትቺው› ያለችሽ?» አለኝ።

የሚኖሩት ኦቦ ገመቹ የሚባሉ ሽማግሌ ግቢ ውስጥ ተከራይተው ነው። ኦቦ ገመቹ በዚያ አገር የቆዩ ገበሬ ናቸው፤ ሚስታቸው አዴ ጫልቱ ደግሞ ላሞቿን ከባሏ በላይ የምታውቅ ሴት። «ባጋ ናጋን ዱፍተን! እንኳን በደህና መጡ» አሉኝ፤ ሁለቱን ቋንቋ እያፈራረቁ ነው የሚያወሩት፤ አንዱ ዓረፍተ ነገር በአማርኛ ተጀምሮ በኦሮምኛ ያልቃል። ማርታ ሆዷን ይዛ እየተነሳች እየተቀመጠች ቆጮ በዳጣ አቀረበችልኝ። ዳጣው ዓይኔን አስለቀሰኝ፤ እኛ ሚጥሚጣ የምንለው ለካ ጨዋታ ነው።

ቅዳሜ

ጠዋት ደረጀ «ነይ፣ ‹ግሮሰሪዬን› ላሳይሽ» አለኝ። ልቤ ፈራ። የጠርሙስ ክምር፣ የተደፋ ቢራ፣ የዝንብ መንጋ ነበር የጠበቅሁት። በሩን ሲከፍተው ወለሉ ከሆስፒታል ወለል የጸዳ ነው። ሦስት ድስት፣ የወተት ማጓጓዣ የማይዝግ በርሜል፣ መደርደሪያ ላይ ሙቀት መለኪያ፣ ግድግዳው ሥር ብቅል በጆንያ። ብቅሉን አፈስኩና ጥርሴ ላይ ሰበር አደረግሁት። የታወቀ የገብስ ብቅል፤ ደህና የበቀለ፣ ደህና የደረቀ። ስንት ዓመት ሙሉ ያልነካሁት ነገር እጄ ውስጥ ገባ፤ የእናቴ ጓዳ መጣብኝ።

ብቅሉን በሙቅ ውሃ ዘፈዘፈው፤ አጠለለው፤ ጭማቂውን ትልቁ ድስት ላይ ጥዶ አፈላው። እኔም ዝም አልልም። «እኛ እኮ አሻሮ እንቆላለን፣ ቂጣ እንጋግራለን፣ ደግሞ ድፍድፉ…» እላለሁ። «እሺ የኔታ» ይለኛል። ከዚያ ከማቀዝቀዣው አንድ የብር ወረቀት ከረጢት አወጣ። «ይሄ ሆፕ ነው። ጌሿችሁ በሉት። አገራችን አይበቅልም፤ አንድ ጓደኛዬ ከውጭ በሻንጣው ይዞልኝ መጥቶ ነው። የቀረኝ ይቺው ናት» አለኝ። አየሁት፤ የፍየል በጠጥ የሚያህል አረንጓዴ ድቡልቡል ነገር። ለዚህ ነው ይሄ ሁሉ ሽር ጉድ ብዬ ልስቅ ስል «ጠጋ በይና አሽትቺ» አለኝ።

እመብርሃን! ምን ብዬ ልንገራችሁ? ትርንጎ ሲላጥ፤ እርጥብ ጥድ ሲሰበር፤ ዘይቱን በስሎ ቤት ሲያውድ፤ ሁሉም ባንድ ጊዜ አፍንጫዬን ሞላው። ከደረቀ ቅጠል እንዲህ ያለ ሽታ ይወጣል ብሎ የነገረኝ ሰው ቢኖር ዋሸኸኝ እለው ነበር። ከረጢቱን አልመልስም ብዬ ያዝኩት። የእግዜር ሥራ አያልቅም እኮ፤ ሃምሳ ዓመት ሙሉ ኖሬ የማላውቀው ሽታ በዓለም ላይ ነበረ! ደረጀ እንደ ልጅ እየሳቀ ያየኛል። «መጀመሪያ የሚገባው ለምሬቱ ነው፤ መጨረሻ የሚገባው ለሽታው» እያለ ግማሹን ሲፈላ፣ ግማሹን እሳቱ ሲጠፋ ጨመረው። ግቢው በሙሉ ታወደ። ኦቦ ገመቹ ከበረቱ ብቅ ብለው «ዛሬስ ሽቶ ነው የምትቀቅሉት?» አሉ። የተጠለለውን አተላ ለላሞቻቸው ይዘው ሄዱ።

አሁን ወደ ጥፋቱ ልግባ። ጭማቂው ቶሎ መቀዝቀዝ አለበት ብሎ ደረጀ በረዶ ሊገዛ ወጣ። የወተቱን በርሜል አጥቦ፣ የሆነ ፈሳሽ ረጭቶበት፣ በጨርቅ ሸፍኖታል። ገልጬ አየሁት። አሸተትኩት። ባዶ ብረት! ወይራ የሚባል ነገር አልነካውም። እናንተዬ፣ ያልታጠነ ዕቃ ላይ መጠጥ ይገለበጣል? የእናቴ ጋን ወይራ ሳይጠጣ ጠላ ጠጥቶ አያውቅም። ልጁ ወንድ ነው፣ ምን ያውቃል፣ ረስቶት ነው አልኩ። ወጥቼ አዴ ጫልቱን «ወይራ አለሽ?» ብላት «ኤጀርሳ? እንዴ! ለወተት ዕቃዬ ሁልጊዜ አለኝ» አለች። በርሜሉን ስታይማ እሷም አፏን ያዘች። «ሳይታጠን? ይሄማ ዕቃ አይደለም!» ከወሎ የመጣሁት እኔና ሰበታ የተወለደችው እሷ በዚህ ነገር አንድ እናት ያሳደገችን ነው የምንመስለው። ፍሙን አድርገን፣ ስንጥሩን ጨምረን፣ በርሜሉን ደፍተን ጭሱን አጠጣነው። አዴ ጫልቱ «ትንሽ ይቆይ፣ ትንሽ ይቆይ» አለች። ቆየ። መልሰን በጨርቅ ሸፈንነው።

ደረጀ መጣ፤ አቀዘቀዘ፤ አፍንጫው በሆፕ ተሞልቶ ነው መሰለኝ አንዱም ሳይሸተው ጭማቂውን በርሜሉ ውስጥ ገለበጠው። እርሾውን ጨመረ። ሊከድነው አንገቱን ሲያጎነብስ ቆመ። እንደገና አጎነበሰ።

«እትዬ… በርሜሉን ምን አደረግሽው?»

«አጠንኩልሃ! ረስተኸው ነበር።»

ፊቱ ጭልም ሲል አየሁት። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ክዳኑን ቀስ አድርጎ ገጠመና በርጩማ ላይ ቁጭ አለ። «ይሄ ለእማ ነበር» አለኝ። «ትጠጣዋለች ብዬ አይደለም። አንድ ጠርሙስ ልልክላትና እንድታሸተው ነበር። ብታሸተው ምን እንደምሠራ ይገባት ነበር። አሁን የሚሸታት ጭስ ነው። ሆፑም አለቀ፤ ሌላ መቼ እንደማገኝ እኔ እንጃ።» ተነስቶ ድስቶቹን ያጥብ ጀመር። እኔ ይሄን የሚያህል ሴትዮ፣ አስተማሪ፣ የሰው ልጅ ልፋት በወይራ አጨስኩበት።

ከሰዓት ማርታ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። ኩም ብዬ ስታየኝ ጊዜ አሳዝኛት ነው። ዕድሉን አገኘሁና በቀጥታ ጠየቅኋት፤ «ማርታዬ፣ አትደብቂኝ። ይጠጣል ወይ?»

«እሱ?» ሳቋ መጣ። «እትዬ፣ እኔ ጠጪ ባል ቢኖረኝ እቀመጥ ነበር? እኔም መጀመሪያ ፈርቼ ነበር። በጸሎትም ይዤው ነበር። ግን አንድ ቀን እንኳ ተንገዳግዶ አላየሁትም። ይቀምስና ይደፋዋል። እዚያ ያለው ኮሰረት የበቀለው በሱ ቢራ ነው» ብላ ጓሮውን አሳየችኝ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እማ ግን ይመጣሉ?» አለችኝ። ይሄን ጥያቄ ነበር ከመጣሁ ጀምሮ የፈራሁት። አላውቅም አልኳት። ሆዷን በእጇ ይዛ ራሷን ነቀነቀች።

እሑድ

ጠዋት እኔ ቤተ ክርስቲያን ስሜ መጣሁ፤ ማርታ ወደ ጸሎት ቤቷ ሄደች። እኔና ደረጀ ወደ ቡራዩ ወጣን። ከሰበታ ቡራዩ በአዲስ አበባ ውስጥ መዞር አለባችሁ፤ አየር ጤና፣ ጦር ኃይሎች፣ አስኮ። አሁን ሁሉንም ሸገር ከተማ ይሏቸዋል። ካንዱ ወዳንዱ ለመሄድ ግን የሌላ ከተማ ሆድ ውስጥ ታልፋላችሁ፤ ከደሴ ኮምቦልቻ ቁልቁል እንደሚወረደው ቀላል አይምሰላችሁ። ደረጀ በመንገድ ላይ ያወራኛል፤ ስለ ቅዳሜው አንድ ቃል አላነሳም። ያ ደግሞ ይበልጥ አቃጠለኝ።

ቡራዩ ላይ ዝናብ ጠበቀን። የቡራዩ ጭቃ ሰው ይይዛል ሲሉኝ ተረት መስሎኝ ነበር። አንድ እግሬን ሳነሳ ጫማዬ እዚያው ቀረ። ለመያዝ ሳጎነብስ ሁለተኛውም ሄደ። እንዲያ ሆኜ፣ በካልሲዬ፣ ጫማዬን እንደ ዶሮ አንጠልጥዬ ነው ሰናይት የምትባለዋ የደረጀ ጓደኛ ቤት የገባሁት። ሰናይት ቀድሞ ላቦራቶሪ ውስጥ ትሠራ የነበረች፣ አሁን መኪና ማቆሚያዋን ቢራ መጥመቂያ ያደረገች ሴት ናት። ስታየኝ በሳፋ ሙቅ ውሃ አመጣች። «ኧረ አይሆንም!» ብል ማን ይሰማኛል፤ እግሬን አጥባ የራሷን ላስቲክ ጫማ አጠለቀችልኝ። በዚህ ዘመን እንግዳን እግሩን የሚያጥብ ሰው አለ ብትሉኝ አላምንም ነበር።

እሑድ እሑድ የሚጠምቁ ሰዎች ተሰብስበው የየራሳቸውን ይዘው ይመጣሉ። የዚያን ዕለት ከኛ ሌላ ሁለት ወጣቶች ነበሩ። ጠረጴዛው ላይ ትናንሽ ብርጭቆ ደረደሩ፤ አንዱ እንደ ብርሌ ጠጅ ብጫ፣ አንዱ እንደ ሻይ ቀይ፣ አንዱ ደፍርሶ እንደ ብርቱካን ጭማቂ። «ከዚህ ይጀምሩ» ብላ ሰናይት ብጫውን ሰጠችኝ። ቀመስኩ። መጀመሪያ ትርንጎው መጣ። ከዚያ ምሬቱ መጣና ምላሴን ጨምድዶ ያዘው። ጌሾ እየቀመስኩ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ምሬት አዲስ አይደለም። የጌሾ ምሬት ግን ጉሮሮ ላይ ቆሞ ይሟገታችኋል። የዚህ ግን ይመርና፣ ይመርና፣ «ይበቃል» ልትሉ ስትሉ ጥፍጥና ትቶላችሁ ይሄዳል። ከዚያ እንደገና አምጡልኝ ያሰኛል። ዝም አልኩ። እኔ ዝም ማለቴ ብርቅ ነው፤ የሚያውቀኝ ያውቃል።

«እንዴት ነው?» አለችኝ ሰናይት።

«ልጄ፣ እኔ ምን አውቃለሁ» አልኳት፤ «ግን ይሄን ያሰበ ሰው ተባርኳል።»

ሳቁ። ወጣቶቹ «እማማ አበዱ!» ተባባሉ። ዱለት መጣ፣ ትኩስ እንጀራ መጣ፤ ስለ ውሃና ስለ እርሾ እንደ ሊቃውንት ተከራከሩ። እኔ ግን በመሃል ፈተና እንደሚጠብቅ አስተማሪ ደረጀን ነበር የማየው። ሌሎቹ ብርጭቆአቸውን ይጨርሳሉ፤ እሱ አንድ ጉንጭ ያደርግና ይተወዋል። ሲሸኙን ከፊቱ የተረፈው ቢራ ከጠጣው ይበልጥ ነበር። አባታችንን ጠላ ሲተርፈው አይቼ አላውቅም። ይሄን ለእናቴ እነግራለሁ ብዬ ልቤ ውስጥ አስቀመጥኩት።

ሰኞ

ገብሱ የሚመጣው ከሱሉልታ፣ ከኦቦ ገመቹ ዘመዶች ማሳ ነው። አዛውንቱም «እኔ ካልመጣሁ ደህናውን አይሰጧችሁም» ብለው ካፖርታቸውን ደርበው አብረውን ወጡ። ከአዲሱ ገበያ እንጦጦን ተሻግራችሁ ስትወርዱ አገሩ ይከፈታል፤ ሰፊ፣ አረንጓዴ፣ ብርዱ አጥንት የሚሰብር። የሣር ክምሩና የወተት ላሙ የኛን ደጋ አስታወሰኝ። እዚያ ወተት በሊትር ሳይሆን በበርሜል ነው የሚወጣው፤ በየደጁ ታጥቦ የተደፋ የወተት ዕቃ አያለሁ፤ ባየሁ ቁጥር ያ የኔ በርሜል ትዝ ይለኝና ልቤ ይቆረጣል።

ዘመዶቻቸው እርጎ አጠጡን፤ ቂንጬ በቅቤ አበሉን። ደረጀ ለብርዱ ብሎ አንዳንድ ጠርሙሱን ጓሯቸው ባለች የድንጋይ ቤት ውስጥ ያስቀምጣል። ገብሱ ሲሰፈር አንዱን አወጣና ሜዳው ላይ ከፈተው። ለኦቦ ገመቹ ቀዳላቸው። ሽማግሌው ቀመሱ፣ ከንፈራቸውን ጠረጉ፣ ደገሙ። «ኩን ፈርሶዳ» አሉ፤ ወደኔ ዞረው «ይሄ የኛው ጠላ ነው እኮ፤ ኮት ለበሰ እንጂ» አሉኝ። «አንቱ ያሉት ልክ ነው» አልኳቸው።

ይሄኔ ነው ያየሁት። ደረጀ ለራሱ ብርጭቆ አላነሳም። ግራ እጁን ሰበሰበና ከጠርሙሱ መዳፉ ላይ ጠብ አደረገ። በቀኝ አውራ ጣቱ አሸት አሸት አደረገው። ወደ አፍንጫው አስጠጋ፤ ዓይኑን ጨፈነ። የምላሱን ጫፍ ብቻ አስነካ። ከዚያ መዳፉን ወደ ሣሩ አራገፈው።

እዚያው ገብስ ጆንያ ላይ ተቀመጥኩ። እናቴ ናት! እናቴ ጋኗን ስትከፍት እንደዚያ ነበር የምታደርገው፤ ግራ መዳፏን ሰብስባ፣ በአውራ ጣቷ አሽታ፣ በምላሷ ጫፍ ነክታ፣ የቀረውን አራግፋ። «ጠማቂ በብርጭቆ ከቀመሰ ጠጪ ነው» ትል ነበር። ጋኖቹ ሲሰበሩ እሱ ይሄን የሚያክል ልጅ ነው፤ እኛ ስለዚያ ነገር ቤት ውስጥ አውርተን አናውቅም።

«ደሬ፣ ይሄን ከማን ተማርከው?»

«ምኑን?»

«እጅህ ላይ አድርገህ መቅመሱን።»

መዳፉን አየ። «እንጃ» አለኝ። «እንዲህ ካላደረግሁ ሽታው አይገባኝም። ሁሉም ሰው እንዲህ የሚያደርግ መስሎኝ ነበር።»

እንባዬ መጣ። ብርዱ ነው አልኩ። እጁ ያስታወሰውን እሱ አያውቅም፤ ከቶ ይሄ እንዴት ይሆናል? እስካሁን ሳስበው ይገርመኛል።

ማክሰኞ

ማርታ ከመንጋቱ በፊት ተነስታ የመንገድ ስንቅ ቋጠረችልኝ። በዚያ ሆዷ እስከ ፌርማታ ካልሸኘሁ አለች። አዴ ጫልቱ «ያ በርሜል ደህና ነው፣ ቡልቅ ቡልቅ ይላል» ብላ አጽናናችኝ። ደረጀ ሻንጣዬን ሲያስገባ «እትዬ፣ ለእማ ያየሽውን ንገሪያት፤ አትጨምሪ፣ አትቀንሺ» አለኝ። መንገዱ ደህና ነበር። ጣርማ በር ላይ ጉም፤ ሸዋሮቢት ላይ ሙቀት፤ ሲመሽ ጦሳ። የራስን ተራራ እንደማየት ያለ ነገር የለም።

ደሴ

እናቴ በርጩማዋ ላይ ቁጭ ብላ እስክጨርስ ሰማችኝ። የወለሉን ጽዳት፣ ማርታ ያለችውን፣ ቡራዩ ብርጭቆ ላይ የተረፈውን ነገርኳት።

«ይጠጣል?»

«አይጠጣም፤ ይቀምሳል።»

«አባትሽም ‹ልቅመስ› ነው የሚለው የነበረው» አለችና ተነስታ ገባች። የመዳፉን ነገር ልነግራት ነበር፤ ከዚህ በኋላ ብናገር ለወንድሟ የምትሟገት እህት ነው የምመስለው። ዋጥኩት። ስለ ማርታ አላነሳችም። እኔም ማርታ በደወለች ቁጥር የምለው እያጣሁ ስልክ መፍራት ጀመርኩ። የመውለጃዋ ቀን እየቀረበ መጣ።

አንድ ቀን የአውቶቡስ ሾፌር በጋዜጣ የተጠቀለለ ጠርሙስ አድርሶልኝ ሄደ። ወዲያው ደረጀ ደወለ። «እትዬ፣ ያ ያንቺ በርሜል ነው። ቡራዩ ወስጄው ግማሾቹ ‹ጭስ ጠጣን› ብለው ፊታቸውን አጠቆሩ። እኔ ራሴ ልደፋው ነበር። ግን ለእማ ብዬ ነው የጠመቅሁት፤ ለሌላ ሰው አላደርገውም። ከፈለገች ትድፋው።»

እናቴ ጠርሙሱን ስታይ እጇን ወደ ውጭ ዘረጋች። «ከደፉ አታሳልፊው!» እሺ አልኩ። ደጅ ላይ፣ ጋኖቹ ከተሰበሩበት ጓሮ፣ ድንጋይ ላይ አስቀመጥኩትና ከፈትኩት። አረፋው ብቅ አለ። ትርንጎው ወጣ፣ ጥዱ ወጣ፤ ከሥሩ ቀስ ብሎ ወይራው ተከተለ። እኔም ደነገጥኩ፤ የልጅነታችን ጓዳ ነው የሸተተው። ቤት ውስጥ የነበረው የሽሮ እህል የመልቀም ኮሽታ ቆመ።

እናቴ ነጠላዋን እየሰበሰበች ወጣች። አላየችኝም። ጠርሙሱን አነሳች፤ ግራ እጇን ሰበሰበችና መዳፏ ላይ ጠብ አደረገች። በአውራ ጣቷ አሸት አሸት። አሸተተች። ዓይኗን ጨፈነች። በምላሷ ጫፍ ነካ አደረገችና የቀረውን መሬት ላይ አራገፈችው። ጋኖቹን ከሰበረች ወዲህ ይሄን ስታደርግ አላየኋትም።

«ማነው ያጠነው?»

«እኔ ነኝ። ሳይታጠን ሲቀር አላስችል ብሎኝ።»

«ወይራው በዝቷል።»

«አዎ።»

ጠርሙሱን እያየች «እሱስ፣ ሲቀምስ በምን ነው የሚቀምሰው?» አለችኝ።

አፌን አላመንኩትም። ግራ እጄን አንስቼ፣ ሰብስቤ፣ መዳፌን አሳየኋት። በአውራ ጣቴም አሸት አደረግሁላት። እናቴ የኔን እጅ አየች፤ ከዚያ ገና ያልደረቀውን የራሷን መዳፍ ገልብጣ ብዙ አየችው።

«አባታችሁ አንድ ቀን በእጁ ቀምሶ አያውቅም» አለች።

መዳፏን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና ወደ ቤት ገባች። ሲቆይ ከጓዳ ድምፅዋን ሰማሁት። «አንቺ! የገንፎውን ዱቄት ከቆጡ አውርጂልኝ። ደግሞ ቅቤውን እንዳለፈው ከላይ እንዳትሰቅይብኝ፤ ጉልበቴ ላይ ይዤው ነው የምሄደው።»